ዓይነትና ወረቀት
ስለ ጃፓን የሥዕል ድርሰት ተደጋጋሚ ገጸ ባሕርያትና ስለ ኅትመታቸው መልክ

በጃፓን ሀገር «ማንጋ» እየተባለ የሚጠራው፥ ሥዕልና ጽሕፈት ተባብረው ታሪክ የሚተርኩበት ድርሰት፥ በዚያች ሀገር በብዛት ከሚታተሙትና በብዛት ከሚነበቡት የጽሑፍ ዓይነቶች አንዱ ነው። ስሙ ከሁለት የቻይና ፊደላት የተገኘ ሲሆን ትርጓሜው «ያለ ልጓም፥ እጅ እንደ መራው የተሣለ ሥዕል» እንደ ማለት ነው። ሠዓሊው ሆኩሳይ ከ1814 ጀምሮ ያሳተሙት የሥዕል መድበል በዚሁ ስም ይጠራል፤ ዳሩ ግን የሆኩሳይ መድበል ታሪክ የሚተርክ ሳይሆን ሥዕል ለሚማሩ ሰዎች ናሙና የሚሆን ነበረና፥ ዛሬ ማንጋ ከሚባለው ጋራ ከስም በቀር ብዙ ዝምድና የለውም። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

ማንጋን አዲስ ለሚያነብ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚገጥመው የሰዎቹ መመሳሰል ነው። ደካማ ሆኖ ሳለ ተሸነፍሁ የማይል ልጅ፥ በሁሉ ነገር የሚበልጠው ባላንጣ፥ ጉልበተኛ ሆኖ ልቡ የዋህ የሆነ ወፍራም፥ እንደ ወንድ ለብሳ ሰይፍ የምትታጠቅ ልጃገረድ፥ ጢማም ሽማግሌ መምህር፤ እነዚህ ሁሉ ስማቸውንና ልብሳቸውን እየለወጡ ከድርሰት ወደ ድርሰት ይዘዋወራሉ። በዚህም ነገር ላይ ሁለት ዓይነት ፍርድ ሲሰጥ ኖሯል። አንደኛው የሥነ ጽሑፍ ሰዎች ፍርድ ነው፤ ይኸውም ገጸ ባሕርዩ ተደጋጋሚ ከሆነ ደራሲው ሰውን አላጠናም፥ ስለዚህም ሥራው ከኪነ ጥበብ አይቈጠርም የሚል ነው። ሁለተኛው የሕዝቦችን ጠባይ ከሚመረምሩት ወገን የሚመጣ ነው፤ እርሱም ተደጋጋሚነቱን እንደ ጉድለት ሳይሆን እንደ ማስረጃ ይቀበለዋል፤ አንድ ሕዝብ ደጋግሞ የሚሥለው ሰው የዚያ ሕዝብ ልብ መስተዋት ነው ይላል። አሜሪካዊቷ ሊቅ ሩት ቤኔዲክት ጃፓንን በዓይናቸው ሳያዩ፥ ከመጻሕፍት፥ ከፊልምና በአሜሪካ ከሚኖሩ ጃፓናውያን ቃል ተነሥተው የዚያን ሕዝብ ጠባይ የተነተኑበትን መጽሐፍ በ1946 ካሳተሙ ወዲህ፥ ይህ ዓይነቱ አነባበብ ብዙ ተከታይ አግኝቷል። የቤኔዲክት መጽሐፍ ጥልቅ ሥራ መሆኑ አይካድም፤ የተከታዮቹ ግን ሁልጊዜ እንዲያ አይደለም።

ሁለቱም ፍርዶች የሚዘነጉት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ገጸ ባሕርዩ የሚኖረው በወረቀት ላይ መሆኑን ነው። ያ ወረቀት በየቀኑ፥ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ይወጣል፤ አራት ሥዕል ብቻ ወይም ሃያ ገጽ ይይዛል፤ የሚገዛውም የታወቀ ዕድሜ ያለው አንባቢ ነው። ገጸ ባሕርዩ ለምን እንደማያረጅ፥ ለምን እንደማይሞት፥ ወይም ለምን በድንገት እንደሚሞት ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ስለ ጃፓናውያን ልብ ከመጠየቁ በፊት ስለ መጽሔቱ ቢጠይቅ ይሻላል።

የትያትሩ ውርስ በእርግጥ አለ። በካቡኪ ትያትር ተዋናዮች በሚናቸው ዓይነት ይመደባሉ፤ ደጉ ጀግና አንድ መደብ፥ ባላንጣው ሌላ መደብ፥ ሴት ሆኖ የሚጫወተው ወንድ ሦስተኛ መደብ ነው። የፊት ቀለሙ ቀይ ከሆነ ጽድቅንና ኀይልን፥ ሰማያዊ ከሆነ ክፋትን ስለሚያመለክት ተመልካቹ ተዋናዩ አፉን ሳይከፍት ማንነቱን ያውቃል። ነገር ግን ውርስ መኖሩ ብቻ ወራሹ ምን እንዳደረገበት አይነግርም። የዘመናዊው ማንጋ ዋና መሥራች የሚባሉት ቴዙካ ኦሳሙ (1928–1989) ገጸ ባሕርያታቸውን የያዟቸው ልክ አንድ የፊልም ኩባንያ ተዋናዮቹን እንደሚይዝ ነበር። «ሂጌ ኦያጂ» የሚባለው መላጣ ጢማም ሽማግሌ በአንዱ ድርሰት የግል መርማሪ፥ ከ1952 እስከ 1968 በወጣው «ቴትሱዋን አቶም» በተባለው የሮቦት ልጅ ታሪክ ደግሞ የትምህርት ቤት መምህር ነው። ሮክ የተባለው ወጣት በ1949 ደግ ልጅ መርማሪ ሆኖ ተጀመረ፤ በ1966 በተጀመረው የቫምፓየሮች ታሪክ ግን ጨካኝ ወንጀለኛ ሆኖ ቀረበ። የሮክ ክፋት የሚያስደነግጠው አንባቢው ቀድሞ በደግነቱ ስለሚያውቀው ነው፤ መልኩ ባይደጋገም ኖሮ ድንጋጤው ባልኖረ ነበር። እንግዲህ መደጋገም ለደራሲው የስንፍና ምልክት ብቻ አይደለም፤ ሲፈልግ አንባቢውን የሚያታልልበት መሣሪያም ነው። ኢቶ ጎ የተባሉት ሐያሲ በ2005 ባሳተሙት መጽሐፍ፥ ከማናቸውም ታሪክ ውጭ በመልኩ ብቻ የሚታወቀውን ሥዕላዊ ምስልና በታሪክ ውስጥ እንደ ሰው የሚኖረውን ገጸ ባሕርይ ለይተው ሁለት የተለያዩ ስሞች ሰጥተዋቸዋል። ልዩነቱ ጠቃሚ ነው፤ በሮክ ላይ የሆነውም የመጀመሪያው ባለበት ሲቈይ ሁለተኛው መለወጡ ነው።

ወንድ የምትመስለዋ ልጃገረድም ከመድረክ የመጣች ናት። ቴዙካ ያደጉባት ታካራዙካ ከተማ ከ1914 ጀምሮ ሴቶች ብቻ የሚጫወቱበት፥ የወንዱንም ሚና ሴት የምትይዝበት የዘፈን ትያትር ያላት ናት። በ1953 ለልጃገረዶች በሚታተም መጽሔት የጀመሩት «ሪቦን ኖ ኪሺ» የዚህ ትያትር ልጅ ነው፤ ልዕልት ሳፋየር ዙፋን የሚወርሰው ወንድ ብቻ በመሆኑ እንደ ወንድ ታደገች። በ1972 ኢኬዳ ሪዮኮ የፈረንሳይን አብዮት ታሪክ «የቬርሳይ ጽጌረዳ» በሚል ርእስ ሲጽፉ ይህችኑ ዓይነት ወስደው ኦስካር የምትባል የቤተ መንግሥት ዘብ አዛዥ አደረጓት፤ ኦስካር ግን እንደ ሳፋየር በጋብቻ አትፈጽምም፤ ከነገሥታቱ ወገን ወደ ሕዝቡ ወገን ተሻግራ ባስቲል በተያዘበት ቀን ትሞታለች። የታካራዙካው ትያትር በ1974 ይህንኑ ታሪክ ወደ መድረክ አወጣው። ዓይነቷ ከመድረክ ወደ ወረቀት ሄዳ፥ በወረቀት ላይ ዕድሜና ሐሳብ ጨምራ ወደ መድረክ ተመለሰች ማለት ነው። ይህን መንገድ የማያይ ሰው በሁለቱ ልጃገረዶች መካከል ያለውን ሃያ ዓመት አያየውም።

ወደ ኅትመቱ መልክ እንመለስ። ከሁሉ የሚያጥረው በጋዜጣ የሚወጣው ባለ አራት ሣጥን ነው፤ መክፈቻ፥ ማስፋፊያ፥ መታጠፊያና መዝጊያ አለው ይባላል፤ ስሞቹም ከቻይና ባለ አራት ስንኝ ግጥም የተወሰዱ ናቸው። ሀሴጋዋ ማቺኮ «ሳዛኤ ሳን» የተባለውን ድርሰት በ1946 በአንድ የፉኩኦካ ጋዜጣ ጀምረው በኋላ በአሳሂ ጋዜጣ እስከ 1974 አወጡት። ሳዛኤ በዚያ ሁሉ ዘመን አላረጀችም፤ ወንድሟ ካትሱዎም ከትምህርት ቤት አልወጣም። ይህን አይቶ ጃፓናውያን ቤተሰብን የማይለወጥ አድርገው ያምናሉ ማለት ቀላል ነበር። ምክንያቱ ግን ከዚያ የቀረበ ነው፤ ትናንት ጋዜጣ ያልገዛ ሰው የዛሬውን አራት ሣጥን ያለ ችግር መረዳት አለበት። በሳዛኤ ሳን የሚለወጠው ሰው ሳይሆን ኑሮ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በልክ የሚታደል ምግብና ጥቁር ገበያ፥ በኋላም አዳዲስ የቤት ዕቃ ይታያል። የሕዝብን ኑሮ የሚያጠና ተመራማሪ ከዚህ ድርሰት ብዙ ሊማር ይችላል፤ ነገር ግን ዓይኑን ከገጸ ባሕርያቱ ላይ አንሥቶ በዙሪያቸው ባለው ዕቃ ላይ ቢያደርግ ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው ምሳሌ ግን «ዶራኤሞን» ነው። ሾጋኩካን የተባለው አሳታሚ ከ1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የትምህርት ክፍል የተለየ መጽሔት ያወጣ ነበር፤ የሦስተኛ ክፍል ልጅ የሦስተኛውን፥ የአራተኛ ክፍል ልጅ የአራተኛውን ይገዛል። ፉጂኮ ኤፍ. ፉጂዮ በሚል የብዕር ስም የሚታወቁት ፉጂሞቶ ሂሮሺ ይህን ድርሰት በ1970 ጃንዋሪ እትም በስድስት መጽሔቶች፥ ከሕፃናቱ አንሥቶ እስከ አራተኛ ክፍል ድረስ ባሉት፥ በአንድ ጊዜ ጀመሩት። ለእያንዳንዱ ዕድሜ የተለየ ታሪክ መጻፍ ነበረባቸው። የገጸ ባሕርያቱ አቋም እጅግ ቀላል ነው፤ ሰነፉና አልቃሻው ኖቢታ፥ ጉልበተኛው ጃያን፥ በአባቱ ሀብት የሚመካው ሱኔዎ፥ ደጓ ሺዙካ፤ ከነርሱም ጋራ ከሚመጣው ዘመን ኖቢታን እንዲረዳ የተላከ፥ ሆዱ ላይ ካለው ኪስ ድንቅ መሣሪያ የሚያወጣ ድመት መሳይ ሮቦት። በስድስት መጽሔት ለስድስት ዕድሜ የሚጽፍ ደራሲ፥ በየዓመቱም አዲስ ልጆች የሚቀበል ደራሲ፥ በአንድ ሥዕል የማይታወቅ ሰው ሊያስገባ አይችልም ነበር።

የጃፓን የትምህርት ዓመት በማርች ያልቃል፥ በአፕሪል ይጀመራል። በዚያ ጊዜ ዶራኤሞን በአምስተኛ ክፍል መጽሔት አይወጣም ነበርና፥ አራተኛ ክፍልን የሚፈጽም ልጅ በማርች ከኖቢታና ከዶራኤሞን ጋራ መለያየቱ ነበር። ደራሲው ይህን አልዘነጉትም። በ1971 ማርች በወጣው የአራተኛ ክፍል መጽሔት ዶራኤሞን ወደ ዘመኑ ተመለሰ፤ ከሚመጣው ዘመን ወደ ኋላ መጓዝ በሕግ ስለ ተከለከለ ነው። በ1972 ማርች ደግሞ እንደ ገና ተመለሰ፤ በዚህኛው ኖቢታ ያለ እርሱ ራሱን ችሎ መቆምን እንዲማር ተብሎ ነው። በሌሎቹ መጽሔቶች ግን በሚቀጥለው ወር ዶራኤሞን እንደ ወትሮው ነበረ። አንድ ገጸ ባሕርይ በአንድ ጊዜ ለአንዳንዶቹ ልጆች ተሰናብቶ ለሌሎቹ መቅረቱ ለሥነ ጽሑፍ ሰው እንቆቅልሽ ሊመስል ይችላል፤ የትምህርት ቤቱን ዘመን አቈጣጠር ለሚያውቅ ግን ግልጽ ነው።

በ1974 ማርች የሆነው ከዚህ ይለያል። ስንብቱ የወጣው በሦስተኛ ክፍል መጽሔት ነው። ዶራኤሞን መሄድ አለበት፤ ኖቢታን ትቶ መሄድ ግን ያሳስበዋል። በዚያች ሌሊት ኖቢታ ከጃያን ጋራ ብቻውን ይደባደባል። ይመታል፥ ይወድቃል፥ ይነሣል፤ ሮቦቱን አልጠራም፤ በመጨረሻም ታክቶት የተወው ጃያን ነው። ይህ ሰነፍ ልጅ ለአንድ ሌሊት ሌላ ሰው ሆነ ማለት ነው፤ ከዓይነቱ ግን አልወጣም፤ ዛሬም ደካማ ነው፥ ዛሬም ይደበደባል። የተለወጠው የሚደበደብበት ምክንያት ነው። በዚህ ሥዕል ፊት የመጀመሪያው ፍርድ፥ ማለት ተደጋጋሚ ገጸ ባሕርይ ጥልቀት የለውም የሚለው፥ ይፈርሳል። ኖቢታን ለዓመታት ሲሸሽና ሲያለቅስ ያላየ አንባቢ የዚያችን ሌሊት ክብደት አያውቅም። በሚቀጥለው ወር፥ በአራተኛ ክፍል መጽሔት፥ ኖቢታ የተናገረው ሁሉ ሐሰት የሚሆንበትን መድኃኒት ጠጥቶ፥ ከሐዘኑ የተነሣ ዶራኤሞን ከእንግዲህ አይመለስም ይላል፤ ስለዚህም ዶራኤሞን ይመለሳል። ወሩ አፕሪል፥ የመጀመሪያውም ቀን የውሸት ቀን ነው። ከሦስተኛ ወደ አራተኛ ክፍል የተዛወሩት ልጆች የጠፋውን ጓደኛቸውን በአዲሱ ክፍላቸው መጽሔት ውስጥ አገኙት።

የሳምንቱ መጽሔት ሌላ ዓለም ነው። «ሾኔን ማጋዚን» እና «ሾኔን ሳንዴይ» የተባሉት ሁለቱ በአንድ ቀን፥ በ1959 ማርች 17፥ ወጡ፤ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ሥዕል ማቅረብ የደራሲውን ሥራ ከፋፈለው። ከ1968 እስከ 1973 በሾኔን ማጋዚን የወጣውን «አሺታ ኖ ጆ» የተባለ የቦክስ ታሪክ ካጂዋራ ኢኪ በሌላ የብዕር ስም ጻፉት፥ ቺባ ቴትሱያ ሣሉት። ጽሑፉ ለሠዓሊው ይደርሳቸው የነበረው በየሳምንቱ ስለሆነ፥ ቺባ ሪኪኢሺ የተባለውን እስረኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሥሉ የጆ ዋና ተጋጣሚ እንደሚሆን ስላላወቁ ከጆ እጅግ አግዝፈው ሣሉት። ሁለቱን በአንድ የክብደት መደብ ማጋጠም ሲያስፈልግ መውጫው አንድ ብቻ ሆነ፤ ሪኪኢሺ ሥጋውን እስኪጨርስ ተርቦና ተጠምቶ ክብደቱን ይቀንሳል፤ ጆን ያሸንፋል፤ ወዲያውም ይሞታል። ባላንጣ በብዙ ማንጋ ውስጥ አለ፤ እንዲህ ያለ ባላንጣ ግን ጥቂት ነው፤ የተገኘውም ሥራው በችኰላ በመከፋፈሉ ምክንያት ነው። በ1970 ማርች 24 ባለቅኔውና የትያትር ሰው ቴራያማ ሹጂ ባስተባበሩት ሥርዓት፥ ወደ ሰባት መቶ የሚሆኑ ሰዎች በአሳታሚው በኮዳንሻ ሕንፃ ተሰብስበው ለሪኪኢሺ እንደ ቡድሃ ሃይማኖት ወግ ፍትሐት አደረጉለት። ከሰባት ቀን በኋላ አንድ የጃፓን አውሮፕላን ጠልፈው ወደ ሰሜን ኮርያ የሄዱት ወጣቶች በመግለጫቸው ራሳቸውን በዚሁ ድርሰት ጀግና ስም ጠሩ። ለወረቀት ሰው የተለቀሰው ለቅሶ የጃፓንን ነፍስ ይገልጣል የሚል ሰው ሊኖር ይችላል፤ ይልቁንስ የሚገልጠው በየሳምንቱ ለሁለት ዓመት ያህል ከአንባቢ ጋራ የኖረ ሰው ምን እንደሚሆን ነው።

በ1968 የተጀመረው «ሾኔን ጃምፕ» ይህን አሠራር ወደ ጫፉ አደረሰው። አንባቢዎች የወደዱትን ሦስት ድርሰት በፖስታ ካርድ ያስታውቃሉ፤ ድምፅ ያላገኘ ድርሰት በጥቂት ሳምንታት ይቋረጣል፤ ያገኘው ግን ደራሲው ቢደክምም አይቆምም። በ1994 መጨረሻ መጽሔቱ በሳምንት 6.53 ሚሊዮን ቅጂ እስከ መታተም ደርሶ ነበር። በቶሪያማ አኪራ «ድራጎን ቦል» (1984–1995) እንደሚታየው ትናንት ጠላት የነበረው ዛሬ ወዳጅ የሚሆነው ስለ ይቅርታ ከሚሰጥ ትምህርት ይልቅ ስለዚሁ ነው፤ የሚቀጥለው ጠላት ከፊተኛው መብለጥ ስላለበት፥ ፊተኛው በወዳጅነት ካልቀረ በቀር ቦታ የለውም።

እስከዚህ የተባለው ሁሉ ወረቀቱን ለመከላከያ የሚያቀርብ ሊመስል ይችላል። ወረቀት ግን ሁሉን አያነጻም። ሺማዳ ኬይዞ ከ1933 እስከ 1939 «ሾኔን ክለብ» በተባለው የልጆች መጽሔት ያወጡት «ቦኬን ዳንኪቺ» አንድ ጃፓናዊ ልጅ በደቡብ ባሕር ደሴት ላይ በጥቁር ሰዎች ላይ ሲነግሥ ያሳያል፤ ልጁ ተገዥዎቹን መለየት ስላቃተው በደረታቸው ላይ ቍጥር ይጽፋል። በዚያ ዘመን ጃፓን የደቡብ ባሕር ደሴቶችን ትገዛ ነበር። ቴዙካ ራሳቸው ከ1950 እስከ 1954 ባወጡት «ጃንግሩ ታይቴይ»፥ ሌዎ ስለሚባለው ነጭ አንበሳ በሚተርከው ድርሰት፥ አፍሪካውያንን የሣሉት በወፍራም ከንፈርና በክብ ዓይን ነው። ለአፍሪካዊ አንባቢ ይህን ገጽ መግለጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ አጥኚ ነኝና አልፈዋለሁ ቢልም አያልፈውም። ሆኖም የሁለተኛው ፍርድ ስሕተት ከሁሉ ይልቅ የሚታየው እዚህ ላይ ነው። ይህ መልክ ከጃፓን ተረት የተገኘ አይደለም፤ ቴዙካ በልጅነታቸው እየወደዱ ካዩት የአሜሪካ የሥዕል ፊልም ጋራ የመጣ ነው። ጃፓናውያን ስለ አፍሪካ የሚያስቡትን ከዚህ ሥዕል ማወቅ የሚሻ ሰው የሚያገኘው የአሜሪካን ገበያ ነው፤ ጃፓናዊው ደራሲ ሳይመረምር መቀበሉ ግን የራሱ ዕዳ ነው። በ1990 ገደማ ተቃውሞ ተነሥቶ የድርሰቱ ኅትመት ለጊዜው ቆመ፤ በኋላም ሥዕሉ ሳይለወጥ ለአንባቢው ማስታወሻ ታክሎበት እንደ ገና ታተመ። ሥዕሉን አለመሠረዛቸው የተገባ ነው፤ የተሠረዘ ሥዕል ከየት እንደ መጣ የሚጠይቅ የለምና።

መጽሔቱ በርካሽ ሸካራ ወረቀት ታትሞ ተነብቦ የሚጣል ነው፤ በመጽሐፍ መልክ የሚጠረዘው፥ ሁለት መቶ ገጽ ያህል ያለው ቅጽ ግን በቤት ይቀመጣል። የዶራኤሞን ቅጾች መታተም የጀመሩት በ1974 ነው፤ ደራሲው ራሳቸው እየመረጡ በአርባ አምስት ቅጽ አወጡት፤ የ1971ና የ1972 ስንብቶች ግን በእነዚህ ቅጾች አልገቡም። የ1974ቱ ስንብት የስድስተኛው ቅጽ መጨረሻ፥ መመለሱ የሰባተኛው ቅጽ መጀመሪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ለየክፍሉ ይታተሙ የነበሩት መጽሔቶች አንድ በአንድ ቆመው የቀረው የአንደኛ ክፍሉ ብቻ ነው፤ በ2017 ደግሞ በኤሌክትሮኒክ የሚሸጠው ማንጋ ገቢ በወረቀት ከሚሸጡት ቅጾች ገቢ በለጠ። ዛሬ ይህን ታሪክ በስልክ የሚያነብ ልጅ ከስድስተኛው ቅጽ የመጨረሻ ገጽ ወደ ሰባተኛው የመጀመሪያ ገጽ በአንድ የጣት ንክኪ ይሻገራል። በ1974 ያነበበው ልጅ ግን በሁለቱ መካከል አንድ ወር ጠብቋል፤ ክፍሉንም፥ መጽሔቱንም ለውጧል።